ጄምስ ክላርክ ማክስዌል፦ ሥዕሉ ሲወርድ ጸንቶ የቀረው ሒሳብ

በሙያችን ውስጥ ሳይቋጭ የኖረ አንድ ክርክር አለ፤ ይኸውም ሒሳብ ለፊዚክስ ምኑ ነው የሚለው ነው። አንዳንዱ፣ ሒሳብ ልብስ ነው ይላል። አካሉ ተፈጥሮ ሲሆን ቀመሩ ነገሩን አሳጥሮ ለመጻፍና ለማስላት ሲባል የሚደረብ ነውና ቢወልቅ አካሉ አይጎድልበትም ይላል። ሌላው ደግሞ፣ ሒሳብ አጥንት ነው ባይ ነው። በዓይነ ሕሊና የምንስለው ሥዕል እንደ ሥጋ በየዘመኑ ይለዋወጣል፤ ንድፈ ሐሳቡን አቁሞ የሚይዘው ግን የሒሳቡ መዋቅር ነው ይላል። ክርክሩ ተራ የቃላት ጨዋታ አይደለም። መምህሩ በክፍል ውስጥ ምን ማስቀደም እንዳለበት፣ ተመራማሪውም ስሌቱና ምናቡ ሲጋጩበት የትኛውን ማመን እንደሚገባው የሚወሰነው ለዚህ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከብዙ ድርሰት ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት የተሻለ መልስ ይሰጣል። ሰውየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነው። ማክስዌል ሥዕል መሳል የሚወድ፣ ነገርን በእጁ ዳስሶ በዓይኑ አይቶ ካልሆነ የማይረካ ሰው ነበር። ይሁን እንጂ ለሰው ልጅ ያወረሰው ትልቁ ሥራ ሥዕል የሌለው የእኩልታዎች ስብስብ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደተሻገረ መከተል የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ልጅነትና ትምህርት

ማክስዌል በኤዲንበርግ ከተማ ሰኔ 13 ቀን 1831 ተወለደ። ሚካኤል ፋራዳይ ተለዋዋጭ ማግኔት የኤሌክትሪክ ጅረት እንደሚያመነጭ ያረጋገጠው በዚሁ ዓመት ነው። ሁለቱ ሰዎች ኋላ በሥራ የሚገናኙ ናቸውና አጋጣሚው ያስገርማል። አባቱ ጆን ክላርክ ማክስዌል በሕግ ሙያ የሠለጠነ፣ ነገር ግን ከሙግት ይልቅ የመሣሪያና የእጅ ሥራ የሚያስደስተው ባለርስት ነበር። ልጁ ያደገው በደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ፣ ግሌንሌር በሚባለው የቤተሰቡ ርስት ነው። የቤቱን ደወል ሽቦዎችና የወንዙን ፍሰት እየተከተለ፣ ይህ እንዴት ይሠራል እያለ ቤተሰቡን በጥያቄ ያስጨንቅ እንደነበር ይነገራል።

እናቱ ፍራንሲስ እስከ ስምንት ዓመቱ ድረስ ራሷ አስተማረችው። በ1839 በሆድ ካንሰር ስትሞት ዕድሜዋ 48 ነበር። ከእርሷ በኋላ የተቀጠረው የቤት አስተማሪ ልጁን ፈዛዛ ነው ብሎ ስላሰበ ያስተምረው የነበረው በግርፊያ ነው። ነገሩ ሲታወቅ በ1841 ወደ ኤዲንበርግ አካዳሚ ተላከ። አባቱ በራሱ ንድፍ ያሠራለትን ልብስና ጫማ ለብሶ፣ የገጠር አነጋገሩን ይዞ ሲገባ የክፍል ጓደኞቹ ተሳለቁበት፤ ቂል የሚል ትርጉም ያለው ቅጽል ስምም አወጡለት። እርሱ ግን በ14 ዓመቱ በስፒልና በክር እንቁላል መሰል መስመሮችን የሚስልበትን ዘዴና ሒሳባቸውን ጻፈ። ጽሑፉ በ1846 ለኤዲንበርግ ሮያል ሶሳይቲ ሲቀርብ ያነበቡት ፕሮፌሰር ጄምስ ፎርብስ ናቸው፤ በዚያ ጉባኤ ፊት ቆሞ ለማንበብ ደራሲው ገና ልጅ ነበርና።

በ1847 ኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1850 ደግሞ ካምብሪጅ ገባ። በዚያን ዘመን የካምብሪጅ የሒሳብ ፈተና ለቀናት የሚዘልቅና ተማሪዎችን በደረጃ የሚያሰልፍ ከባድ ውድድር ነበር። በ1854 ማክስዌል ሁለተኛ ወጣ፤ አንደኛ የወጣው ኤድዋርድ ራውዝ ነው። የስሚዝ ሽልማት ለሚባለው ተከታይ ፈተና ግን ሁለቱ እኩል ሆኑ። እንግዲህ ማክስዌል ከሁለት ቤት የተማረ ሰው ነው። ከኤዲንበርግ ነገሩን መርምሮ የመጠየቅን ልማድ፣ ከካምብሪጅ ደግሞ የሒሳብን ጡንቻ አገኘ። ወደፊት የሚሠራው ሁሉ የሁለቱ ድምር ውጤት ነው።

የሳተርን ቀለበት

በ1856 አበርዲን በሚገኘው ማሪሻል ኮሌጅ የፕሮፌሰርነት ቦታ አገኘ። አባቱ ይህንን ለማየት አልታደለም፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ውስጥ አረፈ። በአበርዲን ሳለ ማክስዌልን የጠመደው፣ ካምብሪጅ ለአዳምስ ሽልማት ያቀረበችው የሳተርን ቀለበት ጥያቄ ነበር። የቀለበቱ ተፈጥሮ ምን ቢሆን ነው ሳይሰበርና ፕላኔቱ ላይ ሳይወድቅ የሚኖረው? በዘመኑ የነበረው መነጽር ለዚህ መልስ መስጠት አይችልም ነበር።

ማክስዌል ጥያቄውን በሒሳብ ብቻ ፈተነው። ቀለበቱ አንድ ወጥ ጠጣር አካል ቢሆን፣ አብዛኛው ክብደቱ በአንድ ወገን ተከማችቶ ካልተገኘ በቀር ሊጸና እንደማይችል አሳየ፤ እንዲህ ያለ የተንጋደደ ቀለበት ደግሞ በሰማይ ላይ አልታየም። ፈሳሽ ቢሆን ሞገዱ እየበረታ ሄዶ ይበጣጥሰዋል። ስለዚህ ቀለበቱ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ፕላኔቱን የሚዞሩ እጅግ ብዙ ትናንሽ አካላት ስብስብ መሆን አለበት ሲል ደመደመ። ሥራው በ1859 ታትሞ ወጣ። በ1895 አሜሪካዊው ጄምስ ኪለር የቀለበቱን ብርሃን መርምሮ የውስጠኛው ክፍል ከውጭኛው በላይ እንደሚፈጥን ሲያሳይ፣ ማለትም ቀለበቱ እንደ አንድ አካል እንደማይሽከረከር ሲያረጋግጥ፣ ማክስዌል ከሞተ 16 ዓመታት አልፈው ነበር። የሩቁን ነገር በእኩልታ ማወቅ እንደሚቻል፣ ማረጋገጫውን ግን ሌላ ትውልድ ሊያየው እንደሚችል የሕይወቱ የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነበር።

በ1858 የኮሌጁን ኃላፊ ልጅ ካትሪን ሜሪ ዲዋርን አገባ። ይሁን እንጂ በ1860 ሁለቱ የአበርዲን ኮሌጆች ተዋሕደው አንድ ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ ለአንድ የትምህርት ዘርፍ ሁለት ፕሮፌሰር አያስፈልግም ተባለና ማክስዌል ከሥራ ወጣ። የኃላፊው አማች መሆኑ አልጠቀመውም። በዚያው ዓመት የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተቀበለው።

የፋራዳይ መስመሮች

ለንደን ከመድረሱ አስቀድሞ፣ ገና በካምብሪጅ ሳለ፣ ማክስዌል የፋራዳይን መጻሕፍት ማጥናት ጀምሮ ነበር። ፋራዳይ መጽሐፍ ደጓሽ ዘንድ ሙያ ሲማር ያደገ፣ መደበኛ የሒሳብ ትምህርት ያላገኘ ሰው ነው። በሥራዎቹ ውስጥ እኩልታ አይገኝም። ነገር ግን በማግኔት ዙሪያ የሚበተነው የብረት ብናኝ የሚሠራቸውን መስመሮች እያየ፣ ኃይሉ የሚኖረው በማግኔቱ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ባለው ቦታ ሁሉ ነው የሚል እምነት ነበረው። በዘመኑ የነበሩት የአውሮፓ የሒሳብ ሊቃውንት ከዚህ የተለየ መንገድ ይዘው ነበር። የኒውተንን የስበት ሕግ አርአያ አድርገው፣ አንዱ ቻርጅ በሌላው ላይ በመካከል ያለውን ቦታ ሳይነካ ከሩቅ ኃይል ያሳርፋል ብለው ያሰሉ ነበር፤ ስሌታቸውም ትክክል ይወጣ ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ የፋራዳይን መስመሮች ሒሳብ የማያውቅ ሰው ምርኩዝ አድርገው ቆጠሯቸው።

ማክስዌል ግን መስመሮቹ ራሳቸው ሒሳብ መሆናቸውን አየ። መንገዱን የጠረገለት የአገሩ ሰው ዊልያም ቶምሰን ነው፤ ቶምሰን ሙቀት በጠጣር አካል ውስጥ የሚሰራጭበት እኩልታና የኤሌክትሪክ ኃይል በቦታ ውስጥ የሚከፋፈልበት እኩልታ አንድ ዓይነት ቅርጽ እንዳላቸው አስቀድሞ አሳይቶ ነበር። ሙቀትና ኤሌክትሪክ በባሕርያቸው አይመሳሰሉም፤ የሚመሳሰለው በመጠኖቻቸው መካከል ያለው ዝምድና ነው። ማክስዌል በ1855 እና በ1856 ባቀረበው ጽሑፉ ይህንን ዘዴ ወደ ፋራዳይ መስመሮች አመጣው። መስመሮቹን የማይታመቅ ፈሳሽ የሚፈስባቸው ቱቦዎች አድርጎ ቆጠራቸው። ቱቦው ሲጠብ ፈሳሹ ይፈጥናል፤ መስመሮቹ ሲቀራረቡም ኃይሉ ይበረታል። እንዲህ ያለ ፈሳሽ በእርግጥ አለ አላለም። ፈሳሹ ሐሳቡን ለመያዝ የተበጀ ዕቃ እንጂ ሐሳቡ ራሱ እንዳልሆነ ገና ከመነሻው ለይቶ አስቀመጠ።

ፋራዳይ ጽሑፉ ሲደርሰው ተደሰተ። ይሁን እንጂ በ1857 በጻፈለት ደብዳቤ፣ የሒሳብ ሰዎች የደረሱበትን ውጤት በተራ ቋንቋም ቢገልጹት ለሙከራ ሠራተኞች ይጠቅም እንደነበር በትሕትና አነሣበት። ጥያቄው ዛሬም በየክፍላችን የሚነሣ ነው። የማክስዌል ቀሪ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ ረጅም መልስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አዙሪቶቹና ብርሃኑ

በለንደን ያሳለፋቸው አምስት ዓመታት ከሁሉ የላቀ ፍሬ ያፈሩ ነበሩ። በ1861 የሦስት ቀለማትን ሕግ ለማሳየት የባለቀለም ፎቶግራፍን መሠረት ጣለ። በ1861 እና በ1862 ደግሞ ስለ አካላዊ የኃይል መስመሮች የሚናገረውን ጽሑፍ በተከታታይ አሳተመ።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የቀረበው ሥዕል አንባቢን የሚያስደንቅ ነው። ቦታ ሁሉ በጥቃቅን አዙሪቶች የተሞላ ነው ተባለ። አዙሪቶቹ በማግኔታዊው መስመር ዙሪያ ይሽከረከራሉ፤ ማግኔቱ ሲበረታ ይፈጥናሉ። ነገር ግን ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ጎማዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞሩ በሚነካኩበት ቦታ ይፋተጋሉ። መካኒክ ይህንን ችግር የሚፈታው በመካከላቸው ሦስተኛ ትንሽ ጎማ በማስገባት ነው። ማክስዌልም በአዙሪቶቹ መካከል ድቡልቡል ቅንጣቶችን አስገባ፤ የእነዚህ ቅንጣቶች ጉዞ የኤሌክትሪክ ጅረት ሆነ። በዚህ ማሽን መሰል ሥዕል ፋራዳይ በ1831 ያገኘውን ክስተት ጭምር ማስረዳት ቻለ።

ከዚያም አንድ እርምጃ ጨመረ። አዙሪቶቹ እንደ ላስቲክ የመለጠጥ ባሕርይ እንዲኖራቸው አደረገ። ኤሌክትሪክን በማያስተላልፍ ነገር ውስጥ እንኳ ኃይል ሲያርፍ ቅንጣቶቹ ከቦታቸው ጥቂት ይገፋሉ፤ ይህ መገፋት በተለወጠ ቁጥር ራሱ እንደ ጅረት ይቆጠራል። ይህ የመገፋት ጅረት የማክስዌል ዋነኛ ግኝት ነው።

የመለጠጥ ባሕርይ ያለው ነገር ሁሉ ሞገድ ያስተላልፋል። ማክስዌል የሞገዱን ፍጥነት ለማስላት የሚያስፈልገውን ቁጥር ያገኘው ጀርመናውያኑ ቬበርና ኮልራውሽ በ1856 በኤሌክትሪክ ላይ ካደረጉት ልኬት ነው። ውጤቱ በሴኮንድ 310,740 ኪሎ ሜትር ሆነ። ፈረንሳዊው ፊዞ ከለካው ተነሥቶ ማክስዌል የጠቀሰው የብርሃን ፍጥነት ደግሞ በሴኮንድ 314,858 ኪሎ ሜትር ነበር። ልዩነቱ ከመቶ አንድ ተኩል አይሞላም። አንደኛው ቁጥር የመጣው በቻርጅ፣ በሽቦና በማግኔት ላይ ከተደረገ ልኬት፣ ሁለተኛው በመስተዋትና በሚሽከረከር ጎማ ብርሃንን በመለካት ነው። ሁለቱ አንድ ስፍራ ላይ ሲገናኙ፣ ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ ነው የሚል መደምደሚያ ተከተለ። ዛሬ የምናውቀው የብርሃን ፍጥነት በሴኮንድ 299,792.458 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሁለቱም የያኔ ልኬቶች ጥቂት ከፍ ያሉ ነበሩ።

ሥዕሉ ሲወርድ

አብዛኛው ሰው በዚህ ስፍራ ላይ ሲደርስ ሥዕሉን አጥብቆ ይይዝ ነበር፤ ከቶ ይህን ያህል ፍሬ ያፈራን ሞዴል ማን ይጥላል? ማክስዌል ግን ተቃራኒውን አደረገ። ታኅሣሥ 8 ቀን 1864 ለለንደን ሮያል ሶሳይቲ በተነበበውና በ1865 በታተመው ጽሑፉ ውስጥ አዙሪቶቹም ድቡልቡል ቅንጣቶቹም የሉም። የቀሩት ሃያ መጠኖችና እነርሱን የሚያስተሳስሩ ሃያ እኩልታዎች ናቸው። የብርሃኑ ሞገድ ግን አልጠፋም፤ ፍጥነቱም አልተለወጠም።

ይህንን ለማድረግ ያስቻለው የፈረንሳዩ ሊቅ ላግራንዥ በ1788 ባሳተመው የመካኒክስ መጽሐፍ የዘረጋው ዘዴ ነው፤ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አንድም ሥዕል የለም። በዚህ ዘዴ የማሽኑን ጥርስና ዘንግ ለይቶ ማወቅ ግዴታ አይደለም። ኤነርጂው እንዴት እንደሚከማችና እንደሚለዋወጥ ከታወቀ የእንቅስቃሴው ሕግ ይከተላል። ማክስዌል ራሱ በ1879 ይህንን በደወል ቤት ምሳሌ አስረዳ። ደወሎቹና ማሽናቸው ከላይ ተሰውረዋል፤ ደወል ደዋዮቹ ከታች ሆነው የሚያዩት ከጣሪያው ቀዳዳ የሚወርዱትን ገመዶች ብቻ ነው። አንዱ ገመድ ሲሳብ ሌላው ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ፣ ምን ያህል ጉልበትም እንደሚጠይቅ አጥብቆ የመረመረ ሰው፣ ከላይ ያለውን ማሽን ሳያይ ገመዶቹን የሚያስተሳስራቸውን ሕግ ሊጽፍ ይችላል። ያንኑ ሕግ የሚፈጽሙ ማሽኖች ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። የሒሳብ መዋቅር ማለት ይህ ነው፤ ብዙ ሥዕሎች የሚጋሩት፣ ሥዕሎቹ ቢጠፉም የማይጠፋው ዝምድና።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መታረም አለበት። በብዙ መማሪያ መጻሕፍት፣ ማክስዌል የመገፋት ጅረቱን የጨመረው የአምፔር ሕግ ጉድለት ስላለበት ነው ተብሎ ይጻፋል። ነገሩ እንዲህ ነው። ጅረት የሚሄድበት ሽቦ በመካከሉ በሁለት ሳሕኖች ተከፍሎ ክፍተት ይኑረው እንበል። በሽቦው ዙሪያ ቀለበት ብንስልና ቀለበቱን በሽቦው በሚያልፍ ገጽ ብንሸፍነው ጅረት አለ፤ በክፍተቱ ውስጥ በሚያልፍ ገጽ ብንሸፍነው ግን ጅረት የለም። አንድ ቀለበት ሁለት መልስ ሊኖረው አይገባም። በሳሕኖቹ መካከል የሚለዋወጠው ኤሌክትሪካዊ መስክ እንደ ጅረት ሲቆጠር ሁለቱ መልሶች ይታረቃሉ፤ ቻርጅ ከምንም አይፈጠርም፣ ወደ ምንም አይጠፋም የሚለው ሕግም ይጠበቃል። ይህ አመክንዮ ፍጹም ትክክል ነው፤ ዛሬም እንዲህ ብሎ ማስተማሩ መልካም ነው። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ማክስዌል ወደ መገፋት ጅረቱ የደረሰው በሚለጠጡት አዙሪቶች መንገድ ነው። ሥዕሉ ወደ መዋቅሩ መራው፤ መዋቅሩ ደግሞ ከተገኘ በኋላ ሥዕሉን እንደማይሻ ታወቀ። ሥዕሉን የሚንቅ ሰው መነሻውን ያጣል፤ በሥዕሉ ላይ የሚቀር ሰው ደግሞ መድረሻውን ያጣል።

መዋቅሩ ያልበቃበት ስፍራ

ማክስዌል በሒሳብ መዋቅር ላይ የነበረው እምነት ግን ጭፍን አልነበረም። ይህ በጋዞች ጥናቱ በግልጽ ይታያል። በ1860 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በአንድ ጋዝ ውስጥ ያሉ ቅንጣቶች ፍጥነታቸው እንዴት እንደሚከፋፈል የሚገልጸውን ሕግ አወጣ። የተነሣው ከሁለት ቀላል ሐሳቦች ነበር። አንደኛው፣ ለጋዝ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ነው፤ ሁለተኛው፣ በአንድ አቅጣጫ ያለው ፍጥነት በሌላው አቅጣጫ ካለው ጋር አይተሳሰርም። የአንድንም ቅንጣት ጉዞ ሳይከተል፣ ከሁለቱ ብቻ የስብስቡ ሕግ ወጣ። በዚህም ፕሮባቢሊቲ ወደ ፊዚክስ ሕግጋት መሠረት ገባ።

ከስሌቱ አንድ እንግዳ ውጤት ተከተለ፤ የጋዝ ውስጣዊ ሰበቃ ጋዙ ቢሳሳም ቢወፍርም አይለወጥም የሚል። ይህ ለተለመደ አስተሳሰብ የሚጎረብጥ ነው። ማክስዌል በስሌቱ ተማምኖ አልተቀመጠም። በለንደን መኖሪያ ቤቱ ከባለቤቱ ካትሪን ጋር ሆኖ በተለያየ ግፊት ውስጥ የሚወዛወዙ ሳሕኖችን ለካ። በ1866 የታተመው ውጤት ስሌቱን ደገፈ።

ሌላው ውጤት ግን ከልኬት ጋር አልተስማማም። ጋዝን ግፊቱ እንዳይለወጥ አድርጎ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ሙቀት፣ ይዘቱ እንዳይለወጥ አድርጎ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ጋር ሲነጻጸር፣ ለሚሽከረከሩ ቅንጣቶች ስሌቱ 1.33 ሰጠ፤ በአየር ላይ የተለካው 1.408 ነበር። ማክስዌል ልዩነቱን አልሸፋፈነም፤ ከንድፈ ሐሳቡ ጋር የሚጋጭ ከባድ ነገር መሆኑን በዚያው ጽሑፍ በግልጽ አስቀመጠው። መልሱ የተገኘው በሃያኛው መቶ ዓመት የኳንተም ንድፈ ሐሳብ ሲወለድ ነው። እንግዲህ የመዋቅሩ ውበት ከመለኪያ ፍርድ ነጻ አያወጣውም ማለት ነው። ማክስዌል ያንን ልዩነት ለማጥፋት ቁጥር ቢያሻሽል ኖሮ፣ ከእርሱ በኋላ ለሚመጡት አንድ ትልቅ ምልክት በጠፋ ነበር።

ካቬንዲሽና የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1865 የኪንግስ ኮሌጅን ሥራ ትቶ ወደ ግሌንሌር ተመለሰ። እዚያ ሆኖ የደከመበት ስለ ኤሌክትሪክና ማግኔት የተጻፈው ሁለት ቅጽ መጽሐፍ በ1873 ታተመ። በ1871 ካምብሪጅ አዲስ በተቋቋመው የሙከራ ፊዚክስ ወንበር ላይ የመጀመሪያው ፕሮፌሰር እንዲሆን ጠራችው። የካቬንዲሽን ቤተ ሙከራ ከሕንፃው ንድፍ ጀምሮ አቋቋመ፤ በ1874ም ሥራ ጀመረ። በእኩልታዎቹ የሚታወቀው ሰው የመጨረሻ ዓመታቱን የሰጠው ለመለኪያ ቤት ግንባታ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በዚያ ቤተ ሙከራ በ1897 ጄ.ጄ. ቶምሰን የኤሌክትሮንን መኖር አረጋገጠ።

በ1879 ጤናው ታወከ። ሕመሙ እናቱን የገደለው የሆድ ካንሰር ነበር። ኅዳር 5 ቀን 1879 በካምብሪጅ አረፈ። ዕድሜው 48 ሲሆን እናቱም የሞተችው በዚሁ ዕድሜ ነበር። በግሌንሌር አቅራቢያ፣ ፓርተን በሚባል ትንሽ መንደር ተቀበረ። በሞተበት ጊዜ ተናግሮለት የነበረውን ሞገድ በቤተ ሙከራ አመንጭቶ ያሳየ ሰው አልነበረም። ከእንግሊዝ ውጭ ያሉት አብዛኞቹ ሊቃውንትም ንድፈ ሐሳቡን ገና አልተቀበሉትም ነበር።

እኩልታዎቹ ከጸሐፊያቸው አልፈው

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የእኩልታዎቹ ታሪክ ነው። የቴሌግራፍ ሠራተኛ የነበረውና ከትምህርት ቤት በ16 ዓመቱ የወጣው ኦሊቨር ሄቪሳይድ፣ በ1884 እና በ1885 የማክስዌልን ብዙ እኩልታዎች ዛሬ በየመጽሐፉ ወደምናገኛቸው አራቱ የቬክተር እኩልታዎች አጠቃለላቸው። ሄንሪክ ኸርዝ ከ1886 እስከ 1888 በካርልስሩኸ ባደረገው ሙከራ ሞገዶቹን በእርግጥ አመነጨ፤ ሲንጸባረቁና ሲሰበሩ አሳየ፤ ፍጥነታቸውንም መረመረ። ኸርዝ የማክስዌልን መጽሐፍ ደጋግሞ ካጠና በኋላ፣ የማክስዌል ንድፈ ሐሳብ ምንድን ነው ቢባል እኩልታዎቹ ራሳቸው ናቸው ከሚል መደምደሚያ ደረሰ። ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ራዳርና የዛሬው የእጅ ስልክ ሁሉ የተወለዱት ከዚህ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። ማክስዌል እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ኤተር የሚባል፣ ቦታን ሁሉ የሞላ፣ ሞገዱን የሚያስተላልፍ ነገር አለ ብሎ ያምን ነበር። አዙሪቶቹን ቢያወርድም ከበስተጀርባ አንድ ማሽን መኖሩን አልተጠራጠረም። በ1887 ማይክልሰንና ሞርሊ ምድር በኤተር ውስጥ ስትጓዝ ሊታይ የሚገባውን ልዩነት ፈልገው አጡት። በ1905 አልበርት አይንሽታይን፣ የማክስዌል እኩልታዎች ለማንኛውም ሳይለዋወጥ ለሚጓዝ ተመልካች አንድ ዓይነት ቅርጽ ሊኖራቸው ይገባል ብሎ ተነሣ። ሎሬንትዝ አስቀድሞ ያወጣቸው የቦታና የጊዜ መለወጫ ቀመሮች ከዚህ ተከተሉ፤ ኤተር አላስፈላጊ ሆነ፤ የኒውተን መካኒክስ ታረመ፤ የማክስዌል እኩልታዎች ግን አንዲት ፊደል ሳይለወጥባቸው ቀሩ። ጸሐፊው የማያውቀውን ሲሜትሪ፣ ማለትም ተመልካች ሲለወጥ ቅርጽ ያለመለወጥን ባሕርይ፣ እኩልታዎቹ ከ1865 ጀምሮ በውስጣቸው ይዘው ኖረዋል።

ይኸው ባሕርይ ከዚያም አልፎ መንገድ መሪ ሆነ። በ1954 ያንግና ሚልስ በማክስዌል እኩልታዎች ውስጥ ያለውን ሌላ ሲሜትሪ አስፍተው አዲስ የእኩልታ ቤተሰብ ሠሩ። የዛሬው የጥቃቅን ቅንጣቶች ፊዚክስ የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው። ማክስዌል ከሙከራ ወደ መዋቅር ሄደ፤ እነዚህ ደግሞ ከመዋቅር ወደ ሙከራ ተመለሱ።

ለሙያ ባልደረቦች የሚተርፈው

እንግዲህ ወደ መነሻው ጥያቄ እንመለስ። ከማክስዌል ሕይወት የምናገኘው መልስ፣ ሒሳብ ለፊዚክስ ልብስ አለመሆኑን ያስረዳል። ልብስ ቢሆን ኖሮ ኤተር ሲሞት እኩልታዎቹ አብረው በሞቱ ነበር። ነገር ግን አጥንት ብቻውን አይራመድም። የቬበርና የኮልራውሽ ልኬት ባይኖር 310,740 የሚባል ቁጥር አይኖርም ነበር፤ የፋራዳይ የብረት ብናኝ ባይኖርም የሚጻፍ እኩልታ አይኖርም ነበር።

ይህ በሥራችን ላይ የሚያርፍ ቁም ነገር ነው። ተማሪው እኩልታውን ሸምድዶ ነገሩን ሳያይ ቢቀር፣ ደዋዮቹን ሳያውቅ የገመድ ቁጥር እንደሚቆጥር ሰው ነው። በሥዕል ብቻ ተምሮ ቢቀር ደግሞ ሥዕሉ በተለወጠ ጊዜ ባዶ እጁን ይቀራል። የመምህር ብልሃት ሥዕሉን በጥንቃቄ መስጠት፣ ከዚያም ጊዜው ሲደርስ እንዴት እንደሚወርድ ማሳየት ነው። ፋራዳይ በ1857 የጠየቀውንም መዘንጋት አይገባም፤ በእኩልታ የተገኘውን በተራ ቋንቋ መናገር የማይችል ሰው መዋቅሩን ገና በሚገባ አልያዘውም። ማክስዌል በ48 ዓመት ዕድሜው ሁለቱንም ማድረግ እንደሚቻል አሳይቶ አልፏል።